ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፦ የኮሌስትሮሉን ቁጥር ከነዘመድ አዝማዱ አንብቡልን

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፤ እንዲሁም የደም ስብ ምርመራ ለምታዙ ሐኪሞችና ውጤት ለምትጽፉ የሙያ ባልደረቦቼ።

ጤና ይስጥልኝ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ደም መቅዳት፣ ናሙና ማዞር፣ ውጤት መጻፍ ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። የምጽፍላችሁም ስለ አንድ ወረቀት ነው። የሊፒድ ፕሮፋይል፣ ማለትም የደም ስብ ምርመራ፣ ማዘዣ ወረቀት። ወረቀቱ ስም ይጠይቃል፣ ዕድሜ ይጠይቃል፣ ጾታና የካርድ ቁጥር ይጠይቃል። አንድ የማይጠይቀው ነገር አለ። እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ አንዲት ሴት ላውጋችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሁዳዴ ሊፈታ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። 36 ዓመቷ ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ነጠላዋን የተከናነበች። ክንዷን በላስቲክ አሰርኩና «ጨብጪ» አልኳት። ስትጨብጥ የጣቶቿ አንጓ ላይ፣ ጅማቱ በሚያልፍበት በኩል፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክሉ እብጠቶች ብቅ ብቅ አሉ። ቆዳው ጤነኛ ነው። አይቀላም፣ አያማትም። «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» አልኳት። «እንጃ፣ ከልብስ ማጠቡ ይሆናል። ወንድሜም ነበረው» አለችኝ።

ውጤቱ ወጣ። ኤልዲኤል 268 ሚሊግራም በዴሲሊትር። ኤልዲኤል በተለምዶ «መጥፎው ኮሌስትሮል» የሚባለው ነው። ከ190 ካለፈ በጣም ከፍተኛ እንለዋለን። እንግዲህ ይሄ ሰባት ሳምንት ሙሉ በሽሮና በጎመን የከረመ ሰው ደም ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። 261። «ቅባት ቀንሺ» ተብላ ነበር የሄደችው። ወረቀቱን ስሰጣት አለቀሰች። «ከዚህ በላይ ምን ልተው? ውሃ እየጠጣሁ ልደር? ቅቤ እኮ ቤቴ ከገባ ቆየ» አለች። ያኔ ነው ወንድሟን የጠየቅኳት። በ41 ዓመቱ፣ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ተደፍቶ ቀረ። ለቅሶው ላይ «ምች ነው» ተባለ። አባታቸውም በ50ዎቹ መጀመሪያ «ድንገት» ነው የሄዱት።

የመጀመሪያው ቀን «ወንድሜም ነበረው» ስትለኝ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? መርፌውን ነቀልኩ፣ ጥጥ ሰጠኋት፣ «ቀጣይ!» ብዬ ተጣራሁ። ስለዚህ ወቀሳውን ከራሴ ነው የምጀምረው።

አሁን ነገሩን በታክሲ ልንገራችሁ፤ በታክሲ የማይገባን ነገር የለም።

ስብ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ኮሌስትሮልም ሆነ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ስብ በእግሩ አይሄድም፤ ይሳፈራል። የሚሳፈርባቸው መኪኖች ከስብና ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን ኳሶች ናቸው። ኤልዲኤል አንዱ ታክሲ ነው፣ «ጥሩው» የሚባለው ኤችዲኤል ሌላው። ኤልዲኤል በዋናነት ጉበት ላይ ሲደርስ የሚያወርደው ፌርማታ አለ፤ ተቀባይ እንለዋለን። ፌርማታው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው ዘረመል ነው። (ዘረመል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ ለአንድ አዛውንት «ችግሩ ከጂን ነው» ብላቸው በቀጥታ ጠበል ሊሄዱ ነበር።) ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ቅጂ እንወርሳለን። አንዱ ቅጂ የተበላሸበት ሰው የሚሠራው ፌርማታ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ታክሲዎቹ ማውረጃ አጥተው መንገዱን ይሞሉታል። ሲቆዩ የልብ ደም ስሮች ግድግዳ ውስጥ ይገባሉ። ጅማት ላይም ይጠራቀማሉ። ያቺ ሴት አንጓ ላይ ያየሁት ሽምብራ ኮሌስትሮል ነበር።

ይህን ተቀባይ ያገኙት ዳላስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቴይን ናቸው፤ በ1985 ኖቤል ተሸልመውበታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዓለም ላይ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ እንዲህ ዓይነት በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል አለበት። በዚህ ስሌት በየወሩ አንድ ሁለቱ በእኔ እጅ ያልፋሉ ማለት ነው። አንዱን ወላጅ ይዞት ከተገኘ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ልክ እንደ ሳንቲም።

ጾም፣ ስፖርት፣ ጎመን ዋጋ የላቸውም እያልኩ አይደለም። አላቸው። ኮሌስትሮሉ ትንሽ ከፍ ያለበትን ሰው አመጋገቡን ማስተካከል በደንብ ያወርድለታል። ነገር ግን ጉበታችን ራሱ ኮሌስትሮል ይሠራል። ፌርማታው የተበላሸበትን ሰው «ሆዳም» እያሉ ማሸማቀቅ በሽታው ላይ ኃጢአት መጨመር ነው።

በዘረመል በኩል ዕድለኛ የሆኑም አሉ። በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ፒሲኤስኬ9 የሚባል ዘረመል ተጠና። ሥራው ፌርማታዎቹን ማፍረስ ነው። ከመጠን በላይ የሚሠራባቸው ቤተሰቦች ኮሌስትሮላቸው ሰማይ ነክቶ ተገኘ። ከዚያ በ2006 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ተቃራኒውን አሳየ። ከጥቁር አሜሪካውያን ተሳታፊዎች 2.6 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ዘረመል አንዱ ቅጂያቸው ተበላሽቶ ዝም ብሏል። አፍራሹ ስለቀነሰላቸው ፌርማታቸው ብዙ ነው። ኤልዲኤላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። በ15 ዓመት ክትትል ውስጥ በልብ ደም ስር በሽታ የመያዛቸው ዕድል ደግሞ በ88 በመቶ ያነሰ። ይህን የተፈጥሮ ስጦታ የሚኮርጁ መርፌዎች በ2015 ገበያ ላይ ዋሉ። ከአፍሪካውያን ዘር የተገኘ ዕውቀት መድኃኒት ሆኖ ሲመጣ ዋጋው ለአፍሪካዊ አይቀመስም። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው። ኮሌስትሮል የሚያወርደው ስታቲን ግን ርካሽ ነው፤ ክኒኑ ከተማችን ውስጥ አለ።

ወደ ቫይታሚን ኢ ልግባ። ከላይ ካልኩት ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ነገር ነው።

አንድ የመርካቶ ነጋዴ ደንበኛ ነበሩን። ደማቸውን ቀድቼ ናሙና የሚያዞረው ማሽን፣ ሴንትሪፊውጁ፣ ውስጥ አስገባሁት። ጤነኛ ሴረም (ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ) ተዞሮ ሲወጣ መልኩ እንደ ብርዝ ነው፤ ጠራ ያለ ቢጫ። የእሳቸው ከታች ቀይ፣ ከላይ ግን ወተት ነበር። ወተት የመሰለ አላልኩም። ቱቦውን ባዘነብለው ግድግዳው ላይ ነጭ ዱካ ትቶ ይወርዳል። ትራይግሊሰራይዱ 1,840 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ። ከ1,000 በላይ ሲሆን ቆሽት ድንገት እንዲቆጣ ሊያደርግ ይችላል፤ ሕመሙ ሆድን ይዞ መሬት የሚያንከባልል ነው። ሐኪማቸው ጋ ዛሬውኑ እንዲሄዱ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ሌላ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ሜሪላንድ ያለች ልጃቸው ቫይታሚናቸው እንዲለካ ወትውታ ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ ነበር። ቫይታሚን ኢ፦ 20 ሚሊግራም በሊትር። ከፍተኛ። «ቢያንስ ቫይታሚኔ ሞልቷል» አሉና ሳቁ።

አልሞላም ነበር።

ቫይታሚን ኢ የራሱ መኪና የለውም። ከስብ ጋር ተለጥፎ በእነዚያው ታክሲዎች ነው የሚሄደው። መንገዱ ላይ ታክሲ ከበዛ ቫይታሚን ኢም ይበዛል። ቤቱ የደረሰ ተሳፋሪ ግን የግድ አይበዛም። ስለዚህ ቁጥሩ ለብቻው አይነበብም፤ ለደሙ ስብ ይካፈላል። ከቆየው መለኪያ አንዱ በእያንዳንዱ ግራም የደም ስብ ቢያንስ 0.8 ሚሊግራም ቫይታሚን ኢ መኖር አለበት ይላል። በጣት እንቁጠረው። አንድ ጤነኛ ሰው በሊትር 10 ሚሊግራም ቫይታሚን ኢና 6 ግራም ስብ አለው እንበል። ሲካፈል 1.7 ገደማ ነው፤ ደህና ነው። እኒህ ሰውዬ 20 ሚሊግራም አላቸው። ስባቸው ግን 25 ግራም ገደማ ነው። ሲካፈል 0.8። «ከፍተኛ» የተባለው ሰው ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ «መካከለኛ» የሚባለው ደግሞ ተንደላቅቋል። ይህን ስሌት የጻፈላቸው ሰው አልነበረም። ቫይታሚን ኢውን የለካው አንድ ቤት፣ ስቡን የለካነው እኛ። ሁለቱ ወረቀቶች የተገናኙት ሰውዬው ኪስ ውስጥ ነው።

ዘረመሉ እዚህም አለበት። በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ አፖኤ5 የሚባል ዘረመል አለ፤ የታወቀው በ2001 ነው። ሥራው ትራይግሊሰራይድ የጫኑትን ትልልቅ መኪኖች ቶሎ እንዲራገፉ ማገዝ ነው። ደከም ያለ ዓይነቱን የወረሰ ሰው ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ይላል። ስኳር፣ አልኮልና ውፍረት ሲጨመሩበት ደግሞ ወደዚያ ወተት ይሄዳል። በ2011 የብዙ ሰዎችን ዘረመል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሰሰ ጥናት የቫይታሚን ኢን መጠን የሚያወዛውዙ ሦስት ቦታዎችን አገኘ። አንዱ ይኸው የአፖኤ5 ሰፈር ነው። ሁለተኛው ለኤችዲኤል ታክሲ ፌርማታ የሚሠራው ስካርብ1። ሦስተኛው ጉበት ውስጥ ቫይታሚን ኢን የሚሰባብረው ሲዋይፒ4ኤፍ2። ከሦስቱ ሁለቱ የስብ ጉዳይ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን በጣም ይነካናልና። ሲዋይፒ4ኤፍ2 ቫይታሚን ኬንም ይሰባብራል። ስለዚህ ደከም ያለ ዓይነቱ ያለበት ሰው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ አድርጎ መውሰድ ያስፈልገዋል። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ጦስ የልብ ቫልቫቸው ተበላሽቶ የተቀየረላቸውና ዋርፋሪን የሚውጡ ወጣቶች አገራችን ውስጥ ጥቂት አይደሉም። ደማቸው ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ለሚለካው የአይኤንአር ምርመራ እየመጡ ክንዳቸውን ሲሰጡኝ ነው የማውቃቸው። ታዲያ ከዋሽንግተን በሻንጣ የሚመጣው ባለ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ እንክብል እነሱም ቤት ይደርሳል። በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ደምን ያቀጥናል፤ በዋርፋሪን ላይ ሲደረብ ያደማል። እንክብሉን እየበሱ ፊት ላይ መቀባቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቅቡት። ከመዋጣችሁ በፊት ግን ለሐኪማችሁ ንገሩ።

እንክብሉ ራሱ ምስክርነቱ ደካማ ነው። አሜሪካ፣ ካናዳና ፖርቶሪኮ ውስጥ 35,533 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ ለማየት። በ2011 የወጣው ውጤት በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ብቻ በወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ17 በመቶ በዝቶ መገኘቱን ተናገረ። በሌላ በኩል በ2008 የታተመ የሰሜን እስራኤል ጥናት አለ። ሀፕቶግሎቢን የሚባል ፕሮቲናቸው 2-2 ዓይነት የሆነ የስኳር ሕመምተኞችን ወስዶ ያው 400 ዩኒት የልብ ጣጣን ቀንሶላቸው አየ። አንዱን የጠቀመ ሌላውን ይጎዳል፤ ልዩነቱም በከፊል በውርስ ነው። በጥናቱ ብቻ ለሁሉም የስኳር ሕመምተኛ ይታደል አልልም። ግን «ቫይታሚን ነው፣ ምን ያመጣል» የሚለው አባባል ትክክል አለመሆኑን ያሳያል።

በነገራችን ላይ የአዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት 15 ሚሊግራም ነው። ጉበት ውስጥ ቫይታሚን ኢን መርጦ የሚያሳፍር ፕሮቲን አለ። ልክ እንደ ተራ አስከባሪ። አልፋ የሚባለውን ዓይነት ብቻ እየለየ ታክሲ ላይ ይጭናል፤ ጋማውን «አንተ ቆይ» ይለዋል። የሰሊጥና የተልባ ዘይት በብዛት ያላቸው ጋማውን ነው። የኑግ ዘይት ግን አብዛኛው አልፋ ነው። እናቶቻችን ሳያውቁ ተራ አስከባሪው የሚወደውን ነበር የሚጠቀሙት።

ተራ አስከባሪው ራሱ ሲጠፋስ? በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ያድጋል። በልጅነቱ ወይም በጉርምስናው መንገዳገድ ይጀምራል። ንግግሩ ይጎተታል፤ ጨለማ ውስጥ መቆም ያቅተዋል። በቱኒዚያና በሌሎች የሰሜን አፍሪካ አገሮች በደንብ የሚታወቅ በሽታ ነው። ዘረመሉ በ1995 ተለይቷል፤ ቲቲፒኤ ይባላል። ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ቅጂ ሲወረስ ነው የሚመጣው። የደሙ ስብ ደህና ነው። ቫይታሚን ኢው ግን የለም ማለት ይቻላል። ታክሲው አለ፣ የሚያሳፍር ጠፋ። ሌላም ዓይነት አለ፤ በ1950 ሁለት የኒውዮርክ ሐኪሞች የገለጹት። እዚያ ደግሞ ታክሲው ራሱ አይሠራም። ኮሌስትሮሉ ወለል ላይ ነው፣ ቫይታሚን ኢውም አብሮ።

የመጀመሪያው ልጅ መድኃኒቱ ከፍ ባለ መጠን ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ቫይታሚን ኢ ነው። ያው ፊታችን ላይ የምንቀባው። ቶሎ ከተጀመረ በሽታው ይቆማል፤ አንዳንዱ ምልክትም ይመለሳል። ከዘገየ ግን ዊልቸር ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ቫይታሚኑ የማይጠቅመው ሰው በሻንጣ ያስመጣዋል። የሚያድነው ልጅ ደግሞ የሚለካለት አጥቶ ከቤት ቤት ይዞራል።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ። ትልቅ በጀት አይደለም። የዘረመል መመርመሪያ ማሽን ግዙ አላልኩም፤ ቢገዛ ደስ ይለኛል፣ ግን መጠበቅ የለብንም።

የሊፒድ ማዘዣ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። «ከቤተሰብ ውስጥ ከ55 ዓመት በታች ወንድ ወይም ከ60 ዓመት በታች ሴት በልብ ወይም በድንገት የሞተ አለ?» በቃ። «በድንገት» የምትለዋ ቃል ትግባ፤ ምክንያቱም እኛ አገር ሰው በልብ ሞተ አይባልም። ምች ነው፣ ዓይን ነው፣ ድካም ነው ይባላል። ኤልዲኤሉ ከ190 በላይ የሆነ ሰው ውጤት ላይ ደግሞ ላቦራቶሪው «እህት፣ ወንድምና ልጆች ይመርመሩ» ብሎ እንዲጽፍ ፍቀዱለት። ኔዘርላንድስ ከ1994 ጀምሮ ይህንን ነው ያደረገችው። አንድ ሕመምተኛ ሲገኝ የሠለጠኑ ሰዎች ዘመዶቹን ቤት ድረስ እየሄዱ ይመረምሩ ነበር። እኛ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ዘመድ ፍለጋማ ለእኛ ማን ይነግረናል? የአንድ ሰው ሰባት ቤት ዘር እድር ላይ በአንድ ከሰዓት ይቆጠራል።

ቫይታሚን ኢ የሚታዘዝ ከሆነ ሊፒድ ፕሮፋይሉ አብሮ ይታዘዝ፤ ከአንዱ ቱቦ ይሠራል። ያለ ስብ ቁጥር የመጣ የቫይታሚን ኢ ውጤት «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» ተብሎ ባይጻፍበት ይሻላል። የሚንገዳገድ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ይሄ ምርመራ ከመጨረሻዎቹ ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ ይሁን፤ ቢያንስ በትልልቆቹ ሪፈራል ሆስፒታሎች እዚሁ ይሠራ።

ለምርምር ተቋሞቻችንም አንድ ቃል። በ2021 የወጣው ትልቁ የደም ስብ የዘረመል ጥናት ወደ 1.65 ሚሊዮን ሰው አካቷል። ከእነዚህ ውስጥ አውሮፓዊ ዘር የሌላቸው 350,000 ገደማ ናቸው፤ በዚያ ውስጥም አፍሪካ አንድ ቁራሽ ናት። የሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት ከሁሉም በላይ የሚበዛው ግን እዚሁ አፍሪካ ነው። ፒሲኤስኬ9 ላይ የሆነውን አይታችኋል። ፍሪጃችን ውስጥ ያለው ደም የእኛው ነው፤ ከእነ ፈቃዱ፣ ከእነ ሥነ ምግባሩ ይጠና።

ያቺ ሴት አሁን ስታቲን እየወሰደች ነው። ያለፈው ኅዳር ኤልዲኤሏ 142 ነበር። የዚያን ቀን ብቻዋን አልመጣችም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ነበር። «ጨብጥ» አልኩት። ጨበጠ፤ ቦክስ ሊሰነዝርብኝ የተዘጋጀ መሰለ። አንጓዎቹ ለስላሳ ናቸው፣ ምንም የለም። መርፌውን አይቶ ዓይኑን ጨፈነ። ውጤቱ 219 ሆነ። ታናሽ እህቱ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። የሟቹ ወንድሟ ሁለት ልጆች ናዝሬት ናቸው፤ ስልካቸውን ተቀብያለሁ።

የማዘዣ ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ሌላ» የምትል አጭር ክፍት መስመር አለች። እስከዛሬ ባዶ ነበር የማሳልፋት። አሁን ደም ስቀዳ እየጠየቅኩ በእስክሪፕቶ እሞላታለሁ። በልጁ ወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አጎት፣ 41፣ ድንገት። አያት፣ 52፣ ድንገት። እናት፣ 268።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ
አዲስ አበባ